ራሱ ጥቁሩ ሳቢሳ

ዓሣ አርቢው ጎረቤታቸው በራፉ ላይ ቆሞ እጁን ወደ ድመቷ ሲዘረጋ፣ ልጅቷ ድመቷን ደረቷ ላይ ልጥፍ አድርጋ ያዘቻት።

«እህሌን አይጥ ጨረሰው እኮ፤ ለጥቂት ቀን አውሺኝ፣ የኔ ልጅ» አላት።

«ጋሼ፣ ሳቢሳ የሚባለው ወፍ ሁለት ዓይነት መሆኑን ያውቃሉ?» አለችው የድመቷን ጆሮ እያሻሸች። «ራሱ ነጭ የሆነው ኩሬ ዳር ተገትሮ ዓሣ ይጠብቃል። ራሱ ጥቁሩ ግን ደረቅ ማሳ ላይ እየዞረ አይጥ ነው የሚውጠው። እርስዎ ተኩሰው የገደሉት ጥቁሩን ነው። ከዚያ በፊት ክንፉ ሲሰበር አስሬ ያዳንኩትን።»

«ሁለቱም ጀርባቸው ግራጫ፣ አንገታቸው መቃ፤ በምን ልለያቸው? ለዓሣዬ ፈርቼ ነው» አለ ድምፁ ሰለል ብሎ።

አሳዘናት። ክንዷ ላላ፤ ድመቷም ወደ እሱ አሰገገች። ነገር ግን ከትከሻው ወዲያ አጥሩ ይታያታል፤ ወፉን ለሌሎቹ መቀጣጫ ብሎ ዘቅዝቆ የሰቀለበት ሽቦ እስካሁን አልተፈታም። ድመቷን መልሳ አቀፈቻት።

«ባውስዎት ደስ ባለኝ፣ ጋሼ» አለች እንደ ጨዋ ልጅ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ በሩን በእግሯ እየገፋች። «ግን ድመት ዓሣ ትወዳለች። ለኩሬዎ ፈራሁ።»