የአባ ኑርዬ ጥርስና ሁለቱ ራጆች

"አባ! ራጁ ንጹሕ ነው ተባልክ እኮ… ይሄ ናፍቆት እንጂ የጥርስ ሕመም አይደለም!"

ሂዳያ ሐይቅ ከተማ፣ ክሊኒኩ በር ላይ ጮኸች።

አባቷ አባ ኑርዬ ዓሣ እያሰገሩ ነው ያሳደጓት። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው።

ሁለት ወር ሙሉ "ጥርሴን!" እያሉ ይደውላሉ… እሷም ከሥራዋ አስፈቅዳ ከደሴ ትበራለች።

ስትደርስ ግን ሳቅ በሳቅ ናቸው!

"እኔን ማስመጫ ዘዴ አገኘ" አለች በሆዷ።

ቤት ገብተው አባ ኑርዬ መረባቸውን ሊጠግኑ ተቀመጡ። ዕድሜ ልካቸውን ክሩን በጥርሳቸው ነበር የሚበጥሱት…

ዛሬ ግን ቢላ ፈለጉ።

ሂዳያ ክው አለች።

በነጋታው ይዛቸው ደሴ ሄደች… ስሪዲ (3D) ራጅ ተነሡ።

የጥርስ ሐኪሙ ዶክተር አስረስ ምስሉን ኮምፒውተሩ ላይ አዟዟረው።

"ይኸው! ከሥሩ ጀርባ መግል ቋጥሯል።"

"የፊተኛው ራጅ ለምን አላሳየውም?"

"እሱ ጠፍጣፋ ነው። ሐይቅ ቆመሽ አምባሰልን ስታዪ፣ ከተራራው ጀርባ ያለው መንደር ይታይሻል? ይሄኛው ግን ዞሮ ያያል። ለብዙ ሰው ያኛውም ይበቃል… የአባትሽ ግን ተደብቆ ነው።"

ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

"ጋሼ፣ ጥርሱን ሳንነቅል እናክመዋለን። ግን ይሄ እኮ ከዓመት በላይ ሆኖታል… እንዴት ቻሉት?"

ዓመት?! መደወል የጀመሩት እኮ ከሁለት ወር ወዲህ ነው!

"አባ… ያን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልክ?"

አባ ኑርዬ ጉንጫቸውን ይዘው ፈገግ አሉ።

"ወላሂ ልጄ፣ ጥርሱንስ ችዬው ነበር… ያልቻልኩት ናፍቆትሽን ነው። 'ናፈቅሽኝ፣ ነይ' ማለት አፈርኩና በጥርሴ አሳበብኩ።"

ሂዳያ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

"አፉ በለኝ አባ… ይቅር በለኝ!"

"አብሽሪ… አፉ ብያለሁ።"

ለካ ሕመሙም እውነት ነበር… ናፍቆቱም እውነት ነበር።

ወዳጆቼ… ወላጅን ከአንድ በኩል ብቻ አይታችሁ "ደህና ነው" አትበሉ። ዞር ብላችሁ እዩት። የሚነግራችሁ የሚቀለውን ሕመም ነው፤ የከበደውን ይደብቃል።

የእናንተስ እናትና አባት "ናፈቃችሁኝ" ማለት ሲያፍሩ በምን ያሳብባሉ? በጉልበት? በደም ግፊት? ወይስ "ስልኬ ተበላሸ" ነው?

ኮሜንት ላይ ጻፉልን… መጀመሪያ ግን ደውሉላቸው።