ሽማግሌ ሳይደርስ ፑሉ ይውጣ

«ቀስ በል ቤኒ፣ እግሬ ላይ ነው ያሳረፍከው» አለ አባዬ ከታች።

ፑሉ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የምድር ቤታችን ደረጃ መሃል ላይ ቆሟል። ከላይ ወንድሜ ቤኒ፣ ከታች አባዬና አንድ የሰፈራችን ጋሪ ነጂ ይዘውታል። ሁለቱ ጆተኒዎች በማለዳ ወጥተው ከጓሮ ጎረቤታችን እንሰት ሥር ላስቲክ ለብሰዋል። በሦስት ሰዓት የወዳጄ የዘላለም ሽማግሌዎች እኔን ሊጠይቁ ከሃላሌ ይመጣሉ። አባዬ ደግሞ «የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ፑል ቤት ገብተው ልጅ አይጠይቁም» ብሎ ቆርጧል።

እኔ አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ መስኮቱ ጋ ቆሜያለሁ። የምትጠየቅ ልጅ እስክትጠራ ድረስ ከጓዳ አትወጣም።

አንጀቴ አሯል። አባዬ ከወፍጮ ቤቱ ሥራ ከተባረረ ወዲህ ያበላን ይሄ ምድር ቤት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ከትምህርት ቤት መልስ ሳንቲም የተቀበልኩት፣ የተጣላ የገላገልኩት፣ ጨርቁ ሲቀደድ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ቀበሌ «አዋኪ ቤቶችን ላሽግ» ብሎ በመጣ ቁጥር ዕቃውን በጓሮ ያስወጣሁት፣ ነገሩ ሲበርድም ያስገባሁት እኔ ነኝ። አባዬ እንደዚያ ባለ ቀን ቤት ተገኝቶ አያውቅም። ዘላለምም ቢሆን ያወቀኝ እዚያው ነው፤ በጆተኒ ሦስት ጊዜ አሸንፌው፣ አራተኛውን ካልተጫወትን ብሎ በዚያው ቀረ። ዛሬ ግን አባዬ የበላበትን ወጪት ሊሰብር ተነስቷል።

ፑሉ ወደ ግቢው እንደወጣ የውጭው በር ተከፈተና ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ። ገና ሁለት ሰዓት ተኩል አልሆነም። ሌሊት በተነሳ አይሱዙ ነው የመጡት። ከፊት ያሉት የዘላለም አጎት አቶ ብሩ ናቸው፤ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው ይዘዋል።

«ሃሹ ሳሮ ዪዴታ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ» አለ አባዬ፣ ላቡ እየተንጠፈጠፈ። «ግቡ፣ ወደ ቤት ግቡ። እኛ አሁን እንጨርሳለን።»

እዚህ አገር ሸክም የያዘ ሰው አልፎ የሚገባ ሽማግሌ የለም። በቃሬዛ በሽተኛ ይዞ ወደ ኦቶና ሆስፒታል ለሚሄድ ሰው መንገደኛው ሁሉ ትከሻ ሲሰጥ ያየ ሕዝብ ነው። አባዬ በድንጋጤው ይሄን ረሳው። አቶ ብሩ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ደረጃው ጠርዝ ላይ አስቀመጡ፣ ካፖርታቸውን አወለቁ፣ ሦስቱም ከፑሉ ሥር ገቡ።

«ኧረ እናንተ እንግዶች ናችሁ።»

«ሸክም እንግዳ አያውቅም ወንድሜ። ምንድነው ዕቃው?»

«አልጋ ነው።»

አነሱት። አቶ ብሩ አቃሰቱ። «አልጋው ከድንጋይ ነው እንዴ የተሠራው?»

ብርድ ልብሱ ተንሸራተተና አረንጓዴው ጨርቅ ታየ።

«የተከራይ ነው» አለ አባዬ። «ምድር ቤቱን ባከራይ ጉድ ሠሩኝ። ይኸው ዛሬ አስወጣሁት።»

«ደግ አደረግህ» አሉ አቶ ብሩ። «ሶዶ ውስጥ ሴት ልጅ ፍራንክ የምትሰበስብበት ፑል ቤት አለ ሲሉ ሰምቼ ነበር። እዚህ ነው ለካ። ልጅቷስ?»

«አብራቸው ሄደች።»

እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ። ቤኒ ወደ መስኮቱ ቀና ብሎ አየኝና ዐይኑን ሰበረ።

ጓሮ በር ላይ ሲደርሱ ፑሉ ወይ ፍንክች አለ። አባዬ ከኋላ ገፋ። በሩን አያውቀውማ። እንደገና ገፋ። አቶ ብሩ «እጄን፣ እጄን» አሉ፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ። ጣታቸው በፑሉና በበሩ መቃን መካከል ተይዟል። አባዬ አልሰማም፤ ፑሉ ከዐይኑ እስኪጠፋ ቸኩሏል።

እናቴ «አንቺ፣ የት ነው?» ስትለኝ ወጥቼ ነበር።

«አትግፉት፤ ወደ ኋላ መልሱት» አልኩ። «በጎኑ አቁሙት። እግሮቹ መጀመሪያ ይውጡ፣ ከዚያ ወደ ግራ አዙሩት።»

ትከሻዬን ከሥር አስገባሁ። ሽማግሌዎቹ እንደ ልጅ ታዘዙኝ። ፑሉ ዞረና በሩን አለፈ።

አቶ ብሩ የተላጠ ጣታቸውን እፍ እያሉ አዩኝ። ቀሚሴ አቧራና ቅባት ጠጥቷል። «ይቺ ልጅ ማን ናት?» አሉ።

አባዬን አየሁት። ልጄ ናት ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ሽማግሌዎቹ ይቀየሙ፣ ይሂዱም፤ ዘላለም እንደሆነ ማን እንደሆንኩ ያውቃል። ልጄ ናት ይበል እንጂ የቀረው ይቅር።

አባዬ ላቡን በእጅጌው ጠረገ። «ዘመድ ናት» አለ። «ሥራ ልታግዘን ከቢጠና የመጣች።»

የአቶ ብሩ ፊት ፈካ። ደህናውን እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ።

«ጎበዝ ልጅ ነሽ፤ ጌታ ይባርክሽ። በይ ግቢና ልጃቸውን አዘጋጅተሽ አምጪልን።»

«እሺ አባቴ» አልኩ።

እናቴ ጓዳ በር ላይ ነጠላ ይዛ ቆማ ነበር።

«ጠሩሽ?» አለችኝ።

«እኔን አይደለም» አልኳት።