አንድ ጭልፋ የቦራ ወተት

ሁለተኛዋ ቀይ መስመር ቀስ እያለች ወጣች። ይሥሐቅ ልጁ ከጠጣው ወተት ውስጥ የነከራትን የመመርመሪያ ወረቀት ወደ በሩ ብርሃን አስጠግቶ አያት።

«የላም ወተት አለበት» አለ። «እዚህ ላይ ያለው ፀረ እንግዳ አካል የላሙን ብቻ ነው ለይቶ የሚይዘው። ንጹሕ የፍየል ቢሆን አንድ መስመር ነበር።»

ሚስቱ ማርያማዊት ሕፃኑን እንዳቀፈች ወደ ጎረቤታቸው ወደ ኡምሰልማ ዞረች። የልጁ ከንፈር አብጧል። የላም ወተት እንደማይስማማው፣ ከደገመው ትንፋሹን ሊዘጋው እንደሚችል ደብረ ብርሃን ያለው ሐኪም ነግሯቸዋል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጄን ልትገይብኝ ነው? ቀላቅለሽ ነው የምትሸጭልን?»

«ወላሂ! የቱን ላሜን አልቤ? እንኳን ላም የላም ጭራ የለኝ!» ኡምሰልማ ወጥታ ከግቢዋ ፍየሏን እየጎተተች ተመለሰች። «በል፣ ዓይንህ እያየ አልባለሁ።»

የይሥሐቅ እናት ወይዘሮ የትምወርቅ ምሰሶውን ተደግፈዋል። ወረቀቷ የምትለውን ከወረቀቷ ቀድመው ያውቃሉ። የፍየሏ ወተት ቢቀጥንባቸው፣ የልጅ ልጃቸው በፍየል ማደጉም ቢያሳፍራቸው፣ ሐሙስም ዛሬም ሲያፈሉት ከላማቸው ከቦራ አንድ አንድ ጭልፋ ጨምረውበታል። ሐኪሙ ያለው የከተማውን የፈረንጅ ላም እንጂ የኛን ቦራ አይደለም ብለው። በረከት ይሁነው ብለው፣ አማትበው።

ከፍየሏ በታለበው ወተት አንድ መስመር ወጣ። ጠበቁ። ሌላ አልመጣም።

«አየህ?» አለች ኡምሰልማ። «ይኸን ሁሉ ዘመን ጎረቤት ሆኜ!»

«ታዲያ ከየት መጣ?» አለ ይሥሐቅ። እናቱን አላያቸውም። ማንም አላያቸውም። ዝም ቢሉ ያልፍ ነበር፤ እስከሚቀጥለው ጭልፋ።

ወይዘሮ የትምወርቅ ወጡ። ከካቡ ጫፍ አንድ ድንጋይ አንስተው ማጅራታቸው ላይ ጫኑና ጎንበስ ብለው ገቡ።

«እኔ ነኝ። ከቦራ ጨምሬበት ነው። ስትሰደቢም ዝም አልሁ፤ ስለ ፈጣሪ ይቅር በይኝ፣ ኡምሰልማ።»

ኡምሰልማ ድንጋዩን ልታወርድ እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው።

«እኔስ ይቅር ብያለሁ፣ እማማ። ይኸን ድንጋይ ግን የልጁ እናት ናት የምታወርደው።»

ቀስ ብለው ዞሩ። ማርያማዊት ፊታቸው ቆማለች፤ ልጁ ደረቷ ላይ ያቃስታል፣ ሁለቱም እጆቿ በእሱ ተይዘዋል።