ከጠረጴዛው ሥር የተዘጋው በር

«ይሄኛውም ምንም አይነግረኝም፤ አጥፋው» ትላለች አናጢዋ፣ መዳፏን ከስፒከሩ ላይ ሳታነሳ።

ታናሽ ወንድሟ ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ ፊቱን ወደ እሷ ያዞራል። ከንፈሩን ካላየች ከሚናገረው ግማሹ እንደማይደርሳት ያውቃል። ሃያ ሁለት ዓመት መላጊያ ማሽን አጠገብ ቆማ፣ ጆሮዋ ቀስ በቀስ ከድቷታል። «እታለም፣ ለጀማሪ የሚመከረው እኮ ይሄ ነው። ያለቀለት ድምፅ ሞልቶታል። ነጎድጓድ ብትይ ነጎድጓድ፣ ፈረስ ብትይ ፈረስ። አንዴ ተጭኖ መገላገል ነው።»

«ማን ልገላገል አለህ?»

ይሄው ነው የእሱ ነገር። ሬዲዮ ጠጋኝ ስለሆነ ከድምፅ ጋር የተወለደ ይመስለዋል። ላፕቶፑ ላይ ሦስት የጀማሪ የድምፅ መሥሪያ ሶፍትዌር ጭኖ የመጣላትም ይሉኝታ ይዞት እንጂ ትችላለች ብሎ አይደለም።

አስር ሰዓት ላይ ተጫዋቾቹ ይመጣሉ። ጨዋታቸው የጠረጴዛ ነው፦ ዳይስ ይጣላል፣ የእንጨት ሰዎች ካርታ ላይ ይራመዳሉ፣ ተራኪው ደግሞ ራስጌ ተቀምጦ የሚደርስባቸውን ያወራል። ዘጠኝ ዓመት ተራኪዋ እሷ ነበረች። ጠረጴዛውን የሠራችው እሷ፣ የእንጨት ሰዎቹን በመሮ የፈለፈለችው እሷ፣ በዚያ ወንበር ተቀምጣ ስንቱን ጎረምሳ ያስለቀሰችው እሷ። አምና ጥያቄያቸው እያመለጣት ሲሄድ «ትንሽ አረፍ በይ» ብለው ወንበሩን ለወንድሟ ሰጡት። አረፍ በይ! እሱ ደግሞ ሲተርክ ሰው ያስተኛል።

ለጥያቄው መላ አበጅታለታለች። ከጠረጴዛው በላይ ደማቅ አምፖል ሰቅላለች፤ የሁሉም ከንፈር ይታያታል። ይሄን ስትነግራቸው ተጫዋቾቹ ሌላ ነገር አመጡ። ከእንግዲህ ጨዋታው ድምፅ ይኑረው፣ ድምፁን የሚሠራም ወንበሩ ላይ ይቀመጥ አሉ። በዚህ የምትቀር መስሏቸው ነው። ምን ሲደረግ!

ሦስተኛው ሶፍትዌር ይከፈታል። ግራጫ ነው፣ መልክ የለውም፣ ቁልፉ ብዛቱ። «ይሄንንስ ተዪው፣ ያስቸግርሻል» ይላል ወንድሟ። እሷ ግን ስክሪኑ ላይ ተደፍታለች። እሱ ባወራ ቁጥር መሃል ላይ ያለው መስመር ያብጣል፣ ዝም ሲል ይሟሽሻል።

«ይሄ ነገር አንተን ነው የሚስለው?»

«ድምፄን።» ወደ ላፕቶፑ ዞሮ አንድ ነገር ያጉረመርማል። መንጋጋው ሲንቀሳቀስ ታየዋለች።

«ፊትህን አዙርና ድገመው።»

ወንድሟ ይቀላል። «የማትሰሚውን ድምፅ እንዴት አድርገሽ ትሠሪያለሽ ነው ያልኩት።»

ሆድ ይብሳታል። ከተጫዋቾቹ አፍ ቢሆን ግድ አልነበራትም፤ አዝላ ያሳደገችው ልጅ ነው እንዲህ ያላት። ከዚያ ደሟ ይፈላል። «በዚሁ በእጄ ነዋ! ማይኩን በሩ ጋ አስቀምጥና ዝም በል። ትንፍሽ እንዳትል።»

የወርክሾፑ በር ወፍራም ነው፣ በብረት የታሰረ። ባላት ጉልበት ትዘጋዋለች። ወለሉ ጫማዋን አልፎ ጉልበቷ ድረስ ይነዝራል። መልሳ ወለል አድርጋ ከፍታው ትመጣና ስክሪኑን ታያለች፦ መጀመሪያው ወፍራም፣ ከዚያ እየቀጠነ የሚሄድ ረጅም ጭራ። ልክ እንደ ጣውላ ይነበባል። ጭራው መሃል ላይ ግን አንዲት እብጠት ለብቻዋ ቆማለች።

«ይቺ ጉጥ ምንድናት?»

ወንድሟ ማዳመጫውን አድርጎ ይሰማል። «ምንም የለም።»

«አለ። እዚች ጋ።» ጣቷን ስክሪኑ ላይ ትተክላለች።

እንደገና ይሰማል። ሦስተኛ ጊዜ ሲሰማ ጆሮው ሳይቀር ይቀላል። «ጉሮሮዬን ጠርጌ ነው።»

«ዝም በል ብዬህ ነበር።» ጉጧን መርጣ ትቆርጣታለች፣ ጫፍና ጫፉንም ታጋጥማለች። «ይኸው፣ ተላግህ።» ሳይወድ በግዱ ይስቃል።

«ይሄንን እንዴት ነው የምለጥጠው?»

«ከለጠጥሽው ይጎረንናል።»

«እሱን አይደል የምፈልገው። ቀጭኑ ድምፅ ጥሎኝ ሄዷል፤ ጎርናናው አሁንም እጄ ላይ ይመጣል።»

እጥፍ አድርጋ ትለጥጠዋለች። ከዚያ ካቻቢቴዋን ይዛ ጠረጴዛው ሥር ትገባለች። ስፒከሩን ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ፣ ከጣውላው ጋር አጣብቃ በአራት ብሎን ታስረዋለች። ወንድሟ ራስጌው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። አንድ ዓመት የተቀመጠበት ነውና አላሰበበትም፤ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አስደግፏል።

ወጥታ ሰጋቱራውን ከጉልበቷ ታራግፍና ቁልፉን ትጫናለች።

በሩ ጠረጴዛው ውስጥ ይዘጋል። ዳይሶቹ ይዘላሉ፣ የእንጨት ሰዎቹ በየተራ ይወድቃሉ። ድንጋጤው በክርኑ የገባበት ወንድሟ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ወደ ኋላው ወደ በሩ ይዞራል። በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው፤ የከሰዓቱ ፀሐይ እስከ መላጊያው ማሽን ድረስ ገብቷል።

ፊቱን ሲመልስ ወንበሩ ተይዟል። አናጢዋ የወደቁትን የእንጨት ሰዎች አንድ በአንድ ታቆማለች፣ እጇን ዘርግታም አምፖሉን ታበራለች።

«የግንቡ በር ከኋላህ ተዘግቷል» ትላለች፣ ዓመት ሙሉ ባልወጣው በዚያ በድሮ ድምፅዋ። «ምን ታደርጋለህ?»

ወንድሟ ከጥግ ዱካ ስቦ ከብርሃኑ ሥር ይቀመጥና ዳይሱን ያነሳል። ሊናገር አፉን ሲከፍት ዓይኗ ከንፈሩ ላይ ነው።