ለጣርማ በር የሚሆን ጎማ

ትርንጎ ባሏን መጠርጠር የጀመረችው ለስፖርት መኪናው የክረምት ጎማ ሲያማርጥ ነው። ይህ ሰው ዝናብ ሲጀምር መኪናውን ሸፍኖ የሚያቆም፣ ጭቃ እንዳይነካት የሚሳሳላት ነበር። ዛሬ ግን ጎማ ቤት ውስጥ ጎንበስ ብሎ የጎማውን ጥርስ በጣቱ ይዳስሳል።

«ለከተማ ከሆነ ይሄኛው ይበቃል» አለው ሻጩ።

«ለጣርማ በር ነው። በጭጋግና በዝናብ የማይንሸራተት ስጠኝ።»

ደሟ ፈላ። ጣርማ በርን ተሻግሮ የትኛዋ ሴት ጋ ሊሄድ ነው? ጎማው ተገጥሞ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«ማናት?» አለችው ከሱቁ እንደወጡ።

ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

«አልጋ ስር ያዘጋጀሽውን ሻንጣ አይቼዋለሁ» አላት። «ጥለሽኝ ደሴ እናትሽ ጋ ለመሄድ ከቆረጥሽ፣ በዚህች ሂጂ። የጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ግን ቀስ በይ።»