ጫጩቶቹ ከነእናታቸው

ቢሆነኝና እንዳለው የተጣሉት በወሰን ድንጋይ ነው። ድንጋዩን ማን እንደተከለው የሚያስታውስ ሽማግሌ በአጥቢያው ባይገኝም፣ ጠቡ ግን በየክረምቱ እንደ አረም ይበቅላል። ያን ዓመት ደግሞ ዳክዬ ተጨመረበት።

ዳክዬዋ የቢሆነኝ ሚስት የእናኑ ናት። መንገድ ሊሠራ ቡሬ ሰፍሮ የነበረ አንድ ፈረንጅ ሲነሳ፣ ልብሱን ታጥብለት ነበርና ጥንድ ዳክዬዎቹን ለእሷ ትቶላት ሄደ። ወንዱን ጅብ በላው። ሴቲቱ ከጓሮው ምንጭ ዳር እንቁላሏን ታቅፋ ከርማ፣ ነሐሴ ሲገባ ስምንት ጫጩት ፈለፈለች። ለአገሬው ዳክዬ እርም ነው፣ አይበላም። ስለዚህ «ምን ሊረቡ ነው?» እያለ ሳቀ።

ሳቁ የቆመው ፊታውራሪ ክንፈሚካኤል በዚያ ሲያልፉ ነው። አዲስ አበባ በአንድ መኮንን ግቢ ዳክዬ ሲዋኝ አይተው ልባቸው እዚያ ቀርቶ ኖሯል። ከበቅሏቸው ሳይወርዱ ተናገሩ።

«እነዚህን ጫጩቶች ከነእናታቸው፣ አንድ ሳይጎድል፣ እስከ መስቀል ቡሬ ላስገባልኝ ሰው የወንዙን ዳር መሬቴን እሰጠዋለሁ።»

የወንዙን ዳር መሬት ቢሆነኝም እንዳለውም በሕልማቸው ሲያርሱት የኖሩት መሬት ነው።

ከዚያ ወዲያ ቢሆነኝ ጫጩቶቹ ለመንገድ እስኪጠኑ ድረስ እንቅልፍ አጣ። አጥሩን በቀጋ እሾህ ደረበው። ጭልፊት ሲያንዣብብ ወንጭፍ ይዞ ይሮጣል፤ የእንዳለው ውሻ ከሩቅ ከታየው ድንጋይ ያነሳል። ሲመሽ እናቲቱንም ጫጩቶቹንም ከመደቡ ሥር ይከታቸዋል። ለሚስቱ ግን ደግ ቃል አልተረፈውም።

«አንዷ ብትጎድል ወዮልሽ» አላት። «መሬቱን ብቻ ልያዝ እንጂ፣ ወላድ ሴት የትም አላጣም።»

እናኑ ለዳክዬዋ ጥሬ በተነችላት።

በገበያ ቀን እናኑ አገልግሏን ይዛ፣ ቡሬ የምትኖረውን አክስቷን ሀብትነሽን ልትጠይቅ ሄደች። ታማለች ተብሏል። ቢሆነኝ ከጤፍ አረም ሲመለስ ጫጩቶቹን ቢቆጥር ጎድለዋል። በሌላው ገበያም እናኑ ሄደች፤ አሁንም ጎደሉ። የቀሩት ግማሽ ናቸው።

እናኑ ስትመለስ ነገሩን ሰምታ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እኔ የሌለሁበትን ቀን ነው የሚጠብቀው። መውጣት መግባቴን የሚያይ ሰው ነው» አለች።

«እንግዲያው አትሂጂ።»

«የታመመ ዘመድ አላስጠይቅም አለ ይበሉህ?»

ቢሆነኝ ይህን ፈራ። በሽተኛ መጠየቅ የሚያስቀር ሰው፣ የራሱ ቀን ሲደርስ ቀባሪ አይወጣለትም። ደግሞስ የእናኑን መውጣት መግባት ከአጥር ማዶ ካለው ጎረቤት በቀር ማን ያየዋል? በዚያው ንዴት ከአጥሩ ሥር ቆሞ እንዳለውን ተጣራ።

«ጫጩቶቼን መልስ።»

እንዳለው ጫማውን ከጭቃ እያላቀቀ ቀና አለ። «እርኩስ ወፍ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ግን አልዋሽህም፣ ቢያልቁ ደስ ይለኛል። ያ መሬት ለአንተ ከሚደርስ ጅብ ይቀለብበት።»

ቢሆነኝ ዱላውን አነሳ። እናኑ ሮጣ ክንዱን ያዘችው።

«ተው፣ ነፍስ ታጠፋለህ። አውጫጭኝ ይጠራልህ። ወንድ ሁሉ ተሰብስቦ ይመርመር።»

ሚስቱ ደግ ምክር የመከረችው ያን ቀን ብቻ ነው ብሎ አሰበ።

አውጫጭኝ የአገሩ ደንብ ነው። ንብረት ሲጠፋ ጭቃ ሹሙ የአጥቢያውን ወንድ አንድ መስክ ላይ ይሰበስባል፤ ሌባው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ያየ ሰው ለተመረጡት ሽማግሌ በጆሯቸው ሹክ ይላል። ሽማግሌውም የነጋሪውን ስም ሸሽገው «ወፍ ነገረችኝ» ይላሉ።

መስከረም በገባ፣ አጥቢያው በማለዳ መስክ ወጣ። ለዳክዬ ጫጩት ሥራ መፍታቱ ያናደደው ሰው ብዙ ነው፤ ግን ነገሩ የፊታውራሪ ነውና ማን ይቀራል? ቢሆነኝ ከእንዳለው ፊት ለፊት ተቀምጦ ዓይኑን ተከለበት። ረፋዱ አለፈ፤ ወፍ ዝም አለች።

ቢሆነኝ አላስቻለውም። ተነስቶ ወደ ሽማግሌው ወደ አባ እጅጉ ጆሮ ጠጋ አለ።

«እንዳለው ሲወስዳቸው በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ማርያምን።»

ምንም አላየም። ግን ልቡ አይቷል፤ ለእሱ ያ በቂ ነበር።

አባ እጅጉ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። «ወፍ እንዳለውን ጠርታለች» አሉ።

እንዳለው ቢምል ቢገዘት የሚሰማው አላገኘም፤ እጁን የፊጥኝ አሰሩት። ቢሆነኝም በኩራት ብድግ አለ። «የወንዙ ዳር መሬት በዚህ ሰው ምክንያት አምልጦኛል። ምትኩ ከእሱ ማሳ ይቆረስልኝ» አለ።

ጭቃ ሹሙ ያለ ፊታውራሪ ቃል ማሳ ለመቁረስ ፈራ። ሎሌውን ዳኘውን በፈረስ ወደ ቡሬ ላከው፤ ሰውም እዚያው መስክ ላይ ጠበቀ።

ጥላው ወደ ምሥራቅ ሲረዝም ዳኘው ደረሰ። ልጓሙን ሳብ አድርጎ፣ መጀመሪያ ያየው የታሰረውን ሰው ነው።

«ጫጩቶቹ ስምንቱም ከነእናታቸው ከፊታውራሪ ኩሬ ሲዋኙ አይቼ መጣሁ» አለ። «እናኑ ከአክስቷ ጋር ሆና ዛሬ አስረክባ፣ የወንዙ ዳር መሬት በስሟ ሆኖላታል። እንዳለውን ፍቱትማ፣ አራሽ ይሁነኝ ብላለች።»