የሰደቃ ጎል

በረኛው ጓንቶቹን አውልቆ ብብቱ ሥር ሸጎጠና የጎሉን ቋሚ ተደግፎ ቆመ። «ይምቷት፣ ጋሼ ሙዐዊያ። ለመሰናበቻዎ አንዲት ጎል እንኳ ትኑርዎት» አለ። ፔናሊቲውን ሊመታ የቆመው ሙዐዊያ በንዴት ጦፈ። ዕድሜውን ሙሉ በኳስ ሲተዳደር ተከላካይ ሆኖ ሰው አላሳለፈም፣ ግን አንድም ጎል አላገባም። የሚመታው ኳስ ሁሉ ሽቅብ ነው የሚሄደው፤ አንዷማ ደብረ ሲና ደርሳ፣ ብርድ መትቷት፣ እያነጠሰች ተመልሳለች። «ዛሬስ ጃኬት አልብሰህ ላካት!» ብሎ ጮኸ፣ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ላይ የተሰቀለ ተመልካች። የሸዋ ሮቢት ሜዳ በሳቅ ተናጋ።

ሙዐዊያ ወደ በረኛው ሄደ። ጓንቶቹን ከብብቱ መንጭቆ ደረቱ ላይ ለጠፈበት። «አጥልቅ! ሰደቃ ስጡኝ ብዬ ደጅህ ቆምኩ?» በረኛው እየተርበተበተ አጠለቀ። ሙዐዊያ ተመለሰና ያለ የሌለ ኃይሉን አሰባስቦ መታ። በረኛውም ተወርውሮ ጥርቅም አድርጎ ያዛት።

ሳቁ ገና ሳይበርድ በረኛው ኳሷን አሻግሮ ለአጥቂያቸው ላከለት። አጥቂው ወደ ባዶው ሜዳ ብቻውን ጋለበ። ሙዐዊያ ያን እሳት የመሰለ ሙቀት ሰንጥቆ ደረሰበትና፣ ተንሸራቶ ኳሷን ብቻ ጠርጎ ከመስመር አወጣት። አጥቂው አቧራው ላይ እንደተዘረረ ቀና አለ።

«ኧረ ጋሼ፣ መሰናበቻዎ እኮ ነው!»

«ታዲያ ገና መች ወጣሁ!» ብሎ አንባረቀበት።